ከድሬዳዋ መቀሌ፣ ባንዲራ የያዘችውን ሴት ፎቶ ይዤ

ድሬን በሙቀት የምታሙ ሁሉ አንድ ቀን ሰመራ እደሩና ከዚያ እናወራለን። እኔ አድሬ መጥቻለሁ። መቀሌም ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ለዕቃም አይደለም፣ ለዘመድ ጥየቃም አይደለም፣ ለአንድ ፎቶግራፍ ነው። የሰፈሬ ሰው ሱቄ ድረስ እየመጣ "እስቲ ንገሪን" ሲለኝ ጉሮሮዬ ደረቀ። ይኸው ጻፍኩት፣ ያነበበ ላላነበበ ይንገርልኝ።

መጀመሪያ ፎቶውን ላሳያችሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ መዳፍ ያህላል። አንድ ትንሽ የባቡር ጣቢያ ከነመድረኩ ይታያል። ከቤቱ በስተቀኝ የውሃ ታንከር በብረት እግሮቹ ቆሟል። መድረኩ ላይ አንዲት ሴት የምድር ባቡር ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ አንዱን ባንዲራ ዘርግታ፣ ሌላውን ጠቅልላ በብብቷ ሸጉጣ ቀጥ ብላለች። ፊቷን የኮፍያው ጥላ ውጦታል። ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የከሳ ሰው ጋቢውን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

እናቴ ወይዘሮ ዘነበች "ይቺ እኔ ነኝ" ትላለች። አባቴ በአፍደም ጣቢያ ሹም ነበር፤ በኛ በባቡር ሰዎች አፍ ሼፍ ይባላል። አንድ ክረምት ወባ ጣለው። ተተኪ ይላክልን ቢባል የሚላክ ጠፋ። እናቴ ኮፍያውን ደፍታ፣ ባንዲራውን ይዛ፣ ባሏ እስኪድን ባቡር ስታስገባና ስታስወጣ ከረመች። አንድ ተሳፋሪ አነሳትና ፎቶው በኋላ በባቡር መጣላት። እኛ ልጆቿ በዚህ ታሪክ ነው ያደግነው።

ዘንድሮ በዕድራችን አዳራሽ የባቡር ቤተሰቦች ፎቶ ይሰቀል ተባለና ሁሉም ያለውን አመጣ። ለማጣራት የተመረጠው ጋሽ ምናሴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ፣ እያንዳንዱን ጣቢያ እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው። የእናቴን ፎቶ ገና ሲያየው "ይሄ አፍደም አይደለም፣ ኤረር ነው" አለ። ጣቢያዎቹ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ስለሆኑ መለያቸው ታንከሩ ነው። የኤረር ታንከር ከቤቱ በስተቀኝ፣ ወደ ጅቡቲ በኩል ነው። የአፍደሙ በስተግራ፣ ወደ አዲስ አበባ በኩል። ሴትየዋም የኤረሩ ሼፍ ሚስት መሆን አለባት፣ ነፍሷን ይማር፣ ብሎ ደመደመ። እናቴን "የአፍደም ታንከር በየት በኩል ነበር?" ብለው ጠየቋት። "ወደ አዲስ አበባ በኩል" አለች፣ ሳትጠራጠር። እውነቷን ነው። በገዛ እውነቷ ፎቶዋን ተቀማች።

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። "አንተ ምናሴ፣ እናቴ ውሸታም ናት ነው የምትለኝ?" አልኩት። በነገራችን ላይ እኛ ድሬዎች ለሽማግሌም "አንተ" ነው የምንለው፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ ያሳደገን ፍቅር ነው። እሱም አልተቀየመም። ሰው ሲያረጅ ይምታታበታል እንጂ ውሸት አላልኩም አለኝ። ይሄ ይባስ አናደደኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ምናሴ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

እናቴ ግን አልተጣላችም። ቤት ገብታ ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አፍደም መናገር ተወች። ሰማንያን ያለፈች ሴት ናት፣ ሌላ የምትኮራበት ሀብት አልሰበሰበችም። አንድ ቀን ጠራችኝና መቀሌ ሄጄ ሀጎስን እንድጠይቅ ነገረችኝ። ሀጎስ በዚያ ዘመን የባቡር ነጂ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ልጁ ጋ መቀሌ ገባ። "ባቡሩን ያስገባሁለት ሰው ነው። ለአባትሽም ትኩሳቱን እንድናበርድለት ከድሬ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣ ነበር። በረዶውን ግን አንቺ እንዳታነሺበት። ራሱ ካነሳው አስታውሶኛል ማለት ነው" አለችኝ።

ሰኞ

ንጋት ላይ በሚኒባስ ተነሳን። ቁልቢ ዳገት ላይ ብርዱ አጥንቴ ገባ፣ የድሬ ሰው ሹራብ የሚባል ነገር አያውቅም። አሰበ ተፈሪ ምሳ በላን። የሥጋ ወጡ ጥሩ ነበር፣ በርበሬው ግን የኛን አያህልም። ሚኤሶ ስንደርስ አሮጌው ሐዲድ ከጎናችን ብቅ አለ። ሣር ውጦታል፣ አንዳንድ ቦታ ፍየል ተኝቶበታል። የተወለድኩበት አልጋ ውጭ ተጥሎ ያየሁ ያህል ተሰማኝና ፊቴን አዞርኩ።

ማታ አዋሽ አደርኩ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ጠና ያለች ሴት ናት፣ የባቡር ልጅ ነኝ ስላት አቀፈችኝ። የክፍሌ ማራገቢያ ስለማይሠራ አንሶላውን በውሃ ነክራ፣ ጨምቃ አነጠፈችልኝ፤ እሷም ልጅ ሆና እናቷ እንዲህ ታደርግላት ነበር። ፎቶውን ሳሳያት ደስ ብሏት ጎረቤቶቿን ሁለት ሽማግሌዎች ጠራች። ሦስቱም አንድ ላይ አጎንብሰው አዩትና ሦስቱም አንድ ላይ "ኤረር" አሉ። ታንከሩን በጣት እያሳዩኝ። ያቺን ሌሊት እርጥቡ አንሶላ ላይ ሆኜ ልመለስ ወይስ ልሂድ እያልኩ ስገላበጥ ነጋ።

ማክሰኞ

ሄድኩ። ተመልሼ ለእናቴ ምን ልላት ነው?

ከአዋሽ ወደ ሰመራ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረውን ሙቀት አልተርክም፣ አታምኑኝም። ገዋኔን አልፈን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ስልክ ሲደውል ተሳፋሪው እሾሃማ ዛፍ ስር ተጠጋጋ። አንድ የአፋር አባወራ ከቤቱ መጥቶ ምንም ሳይጠይቀን ሰሌን ዘረጋልን፣ የፍየል ወተትም በጣሳ አስዞረ። ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። እኛ ድሬ ወተት ሻይ ውስጥ ጨምረን ነው የምናውቀው፤ ይሄኛውን ግን እንዲሁ ጨለጥኩት። በአማርኛ አንግባባም ነበር፣ ፎቶውን አሳየሁት። ታንከሩን አላየም። ሴትየዋን አየና አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። በዚያ ጉዞ ያለ ታንከር የፈረደ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሰመራ አልጋቸውን ግቢ ውስጥ አውጥተው ነው የሚያሳድሩት። ንፋሱም ቢሆን ከምድጃ የሚወጣ ይመስላል። ድሬዬ፣ ይቅር በይኝ፣ አንቺ ደጋ ነሽ።

ረቡዕ

ከአብዓላ ወዲያ መንገዱ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር አየሩ ተለወጠ። ስንወርድ እያላበን፣ ስንወጣ እየበረደን መቀሌ ገባን። መናኸሪያ ላይ ትርሓስ እጇን እያውለበለበች ጠበቀችኝ። ትርሓስ የሀጎስ ልጅ ናት፣ ድሬ አንድ ክፍል ተምረናል፣ አንድ ዴስክ ላይ። አሁን ዓዲ ሓቂ በሚባል ሰፈር ቤት አላት፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል ታከራያለች። "እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ"፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ብላ ሦስቴ ሳመችኝ፤ ቀጥላ "አቦ ወፍረሻል!" አለችኝ በድሬ አማርኛ። ያኔ ነው ቤቴ የገባሁ የመሰለኝ።

መቀሌ የድንጋይ ከተማ ናት። አጥሩ ድንጋይ፣ ቤቱ ድንጋይ፣ ሁሉም እንደ መሶብ ወርቅ ተጠርቦ የተደረደረ። የኛ ድሬ ግድግዳ ቀለም ካልተቀባ ያፍራል፣ እዚህ ድንጋዩ ራሱ ጌጥ ነው። ያየችው መከራ ስንት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል፣ ሰዉ ግን ማለዳ ተነስቶ በሩን ይጠርጋል፣ ሱቁን ይከፍታል። ኮራሁባቸው፣ ምንም የማይገናኘኝ ሰው ሆኜ።

እራት ጥሕሎ ቀረበ። የገብስ ሊጥ ድብልብል ነው፣ በእንጨት ሹካ እየወጉ ወጥ ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። የመጀመሪያዋ ድብልብል ከእንጨቱ ሾልካ ወጡ ውስጥ ሰጠመች፣ ሁለተኛዋ ቀሚሴ ላይ አረፈች። ተከራዮቹ ተማሪዎች ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑት። ትርሓስ አልሸፈነችም።

ሐሙስ

ሀጎስ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል። ማታ ስደርስ ተኝቶ ነበርና፣ በሩ ላይ ከወንበሩ ሳይነሳ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "አንተ ሀጎስ፣ አላረጀህም እኮ" አልኩት። አንድ ተከራይ ተማሪ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ መሰለችኝ፣ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ "አንተ" ስለው ደንግጣ አየችኝ። የሀጎስ ዓይን ግን እንባ ሞላ። እዚህ ሰው ሁሉ "አቦይ" እያለ በክብር ነው የሚጠራኝ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አንተ ከተባልኩ ግን ዘመን የለውም፣ አለኝ።

ፎቶውን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ፎቶውን አራቀው፣ አቀረበው።

"ኤረር" አለ።

እግዜር ያሳያችሁ! ከነሱ ሁሉ ይሄኛው ነው ያመመኝ። የእናቴን ታሪክ ነገርኩት፣ በረዶውን ብቻ አስቀርቼ። አፍደም ሴት ባንዲራ አሳይታህ ገብተህ አታውቅም ወይ አልኩት። ለመዋሸት አልሞከረም። ብዙ አሰበና "ልጄ፣ ነጂ የሚያየው ባንዲራውን ነው፣ የያዘውን ሰው አይደለም። ክረምት፣ ዝናብ፣ ጭጋግ። አረንጓዴው ከተዘረጋ እገባለሁ። ሴት ትሁን ወንድ በምን አውቃለሁ? ኮፍያው ያው ኮፍያ ነው" አለኝ።

ምሳ አልበላሁም። ትርሓስ ተቆጣችኝ፣ በኋላም ጋቢ አለበሰችኝ፣ የመቀሌ ንፋስ ሹራብ ላላመጣ ሰው አይራራም። ነገ ምልእተን እናያለን አለችኝ። ኣደይ ምልእተ፣ ኣደይ እናቴ ማለት ነው፣ የሐዲድ ጠጋኝ ሚስት ነበረች፤ ከባሏ ጋር ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረች ነው የወለደችው። ለሀጎስ ደግሞ የሚስቱ እህት ናት። "ታንከር አይታ የምትፈርድ ከሆነ አልሄድም" አልኳት።

ዓርብ

ሄድን፣ ሀጎስንም ይዘን። ኣደይ ምልእተ የምትኖረው ከከተማው በስተሰሜን ነው፣ የውቅሮ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር። ቀኑ ፆም ስለሆነ ሕልበት ቀረበልን፣ ከባቄላ ዱቄት የሚመታ፣ አረፋ የሚመስል። የኛ ስልጆ የሩቅ ዘመዱ ይሆናል፣ ይሄኛው ግን አፍ ውስጥ ይጠፋል። ከምግቡ በኋላ በለስ እየላጠች ታጎርሰኝ ጀመር፤ እሾሁን በእጇ ነው የምታራግፈው፣ ምንም አትል።

ፎቶውን ትርሓስ ይዛ ነበር። ምልእተ ዓይኗ ስለደከመ አልተቀበለቻትም። "አንቺ አይተሽ ንገሪኝ፣ ሴትየዋ እንዴት ነው የቆመችው?" አለች። በሷ ጊዜ የባቡር ሚስቶች ሁሉ ባንዲራ አያያዝ በማየት ያውቁት ነበር፣ ልጆቻቸውም እንደ ጨዋታ ይጫወቱት ነበር። ብድግ አለችና ነጠላዋን እንደ ባንዲራ በቀኝ እጇ ዘረጋች፣ እጇን የምትጠርግበትን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልላ ግራ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ሰማንያ ዓመት የረገጣት ሴት እንደ ወታደር ቀጥ አለች።

ትርሓስ ፎቶውን አየች፣ አክስቷን አየች። "እንዲህ አይደለም፣ በሌላኛው እጇ ነው" አለች።

"በየትኛው ሌላ?"

"በግራዋ ይዛለች።"

ምልእተ ነጠላውን አወረደች። በግራ እጅ ባንዲራ የሚዘረጋ ሼፍ በመስመሩ ላይ አልነበረም፣ ሚስትም ብትሆን፣ ግራኝም ብትሆን፣ አለች። ሀጎስ ራሱን ነቀነቀ፤ በግራ ቢያሳዩኝ ኖሮ ባቡሬን አቁሜ ወርጄ እሳደብ ነበር አለ። ፎቶውን ከትርሓስ ነጠቅኳት። እኔ ባቡር አላውቅም፣ ልብስ ግን አውቃለሁ፤ ቀፊራ ገበያ ሸሚዝ ስሸጥ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ከኋላ የተቀመጠውን ሰው፣ አባቴን፣ ሸሚዙን አየሁ። ኪሱ በቀኝ ደረቱ ላይ ነው። እስክሪብቶው በቀኝ ኪሱ ተሰክቷል። እናንተ ሆይ፣ በቀኝ በኩል ብቻ ኪስ ያለው ሸሚዝ በሕይወቴ ሸጬ አላውቅም! ስንት ዓመት ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ፣ ሁላችንም ታንከር ታንከር ስንል።

"ተገልብጦ ነው የታጠበው" አልኩ። ፎቶ አንሺው ፊልሙን በጀርባው አድርጎ አትሞታል።

ትርሓስ ከምልእተ ቁም ሳጥን ላይ መስተዋት አመጣች። ፎቶውን ፊት ለፊቱ ያዝነውና ሀጎስን መስተዋቱ ውስጥ እንዲያይ አደረግነው። ባንዲራው ወደ ቀኝ እጅ ተመለሰ። ኪሱ ወደ ልብ በኩል መጣ። ታንከሩ ከቤቱ በስተግራ፣ ወደ አዲስ አበባ በኩል ሄዶ ቆመ።

ሀጎስ ጎንበስ አለ። ጣቱን ወደ መስተዋቱ ላከው።

"አፍደም" አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ። ታንከሩን አልፎ ነው የሚያቆመው፣ ከታንከሩ ስር አንዲት ግራር ነበረች፣ ግራሯ ስር አንዲት ቀጭን ሴት ትጠብቀዋለች። "ሼፉ ታሞ ነበር። በረዶ አመጣለት ነበር፣ በጆንያ፣ በመጋዝ ትቢያ ጠቅልዬ። እሷ ናት የምትቀበለኝ። ጆንያው ያንጠባጥባል፣ ቀሚሷ ይረጥባል። ኮፍያውን አውልቃ እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች። ዘነበች! ዘነበች አይደለችም?"

እኔ እያለቀስኩ ራሴን ነቀነቅኩለት። ምልእተ ፀጉሬን እየዳበሰች "ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለችኝ። ቀጥላ ሌላ በለስ አጎረሰችኝ፣ ከነእንባዬ።

ቅዳሜ

ሀጎስ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያሳየኝ ነገር እንዳለ ተናገረና በባጃጅ ሄድን። አፈር ተደልድሎ፣ ረጅም ሆኖ ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ ሐዲድ ግን የለበትም። ለመቀሌ ባቡር ሊመጣላት የተጀመረ፣ ከዚያ የቆመ መንገድ ነው። ሀጎስ አልፎ አልፎ እዚህ መጥቶ ይቆማል። እኔ ያዘነ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የቆመው። "ድልዳሉ ጥሩ ነው፣ ኩርባውም ልክ ነው። ይመጣል። ሲመጣ እንዴት እንደሚያስገቡት የምናውቅ ሰዎች እዚህ አለን" አለኝ።

ለእናቴ ስልክ ልደውል ሲል ከለከልኩት፤ ጆሮዋ በስልክ አይሰማም፣ ድምፅ ማጉያ የሚከፍትላት ሰው ከሌለ። ስለዚህ ድምፁን በኔ ስልክ ቀዳነው። ያለውን ድሬ ስመለስ ትሰሙታላችሁ።

ስሰናበት ትርሓስ ሹራብ ሰጠችኝ፣ የራሷን። ድሬ ምን ያደርግልኛል? ይኸው ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል፣ የሚሸጥ አይደለም።

ድሬ፣ አዳራሹ ውስጥ

የመልሱን መንገድ አልነግራችሁም፣ ጎማም አልፈነዳም። በደረስኩ ማግስት ፎቶውን በትክክሉ አሳጥቤ፣ ከአሮጌው ጋር ይዤ፣ እናቴን ደግፌ አዳራሽ ገባሁ። ጋሽ ምናሴ ሁለቱን አስተያየ። ኪሱን አሳየሁት፣ ባንዲራ የያዘውን እጅ አሳየሁት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ዓይኑ እያመነ ነበር፣ አፉ ብቻ ነው የዘገየው። ያኔ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት።

የሀጎስ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ስለ በረዶው ተናገረ፣ ስለ ግራሯ፣ ስለረጠበው ቀሚስ። በመጨረሻ "ዘነበች፣ ያኔ ባንዲራሽን አይቼ ፊሽካ የነፋሁልሽ ማን እንደያዘው ሳላይ ነበር። አሁን አውቄ ልንፋልሽ" አለ። ከዚያ በከንፈሩ ሁለቴ አፏጨ፣ አጭር አጭር፣ ነጂ ምልክት ማየቱን የሚናገርበትን።

እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማንም ሳይነግራት ተነሳች። ቀኝ እጇ ከነጠላዋ ስር ወጥቶ ወደ ጎን ተዘረጋ፣ ግራዋ ብብቷ ላይ ተጫነ። የባቡር ልጅ የሆነ ሁሉ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ቆመ። ምናሴም ቆመ።

ሲቀመጥ መነጽሩን ጠረገና ከፎቶው ስር የሚጻፈውን ሊጽፍ ወረቀት ሳበ። "'የአፍደም ሼፍ ባለቤት' ልበል?" ብሎ ጠየቃት፣ በትሕትና።

እናቴ ፎቶውን ተቀብላ በደንብ አየችው።

"አይደለም፣ ምናሴ" አለችው። "ኮፍያው የባሌ ነው። እጁ የኔ ነው። ስሜን ጻፍ።"